የወሎ ሁለተኛ ደረጃ መምህራንን በምን እናግዛቸው?

የደሴው መምህር (ሲያትል)፦

ሰላም የአገሬ ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ? ሰሞኑን «ለአገር ቤት ትምህርት ቤቶች ኮምፒውተር እንላክ» የሚል ሐሳብ ተነስቶ ብዙዎቻችሁ ደግፋችኋል። ደግ ሐሳብ ነው። እኔ ግን ደሴ ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ከመምህሩ ብንጀምር እላለሁ።

የ12ኛ ክፍልን ውጤት ታውቁታላችሁ። በመላ አገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። የወሎ ልጅ በዚህ ላይ ጦርነት ተጨምሮበታል። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ ስንቱ ተማሪ ከነቤተሰቡ ተሰደደ። ስንት ቤተ ሙከራ ተዘረፈ።

በወረቀት ደረጃ ትምህርቱ ሰፍቷል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ኢኮኖሚክስ ከ9ኛ ክፍል ይጀምራል፣ አይሲቲም አለ። የፈተናው የተወሰነ ክፍልም ከ2016 ወዲህ በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ግን ይህን ሁሉ ማን ያስተምር? ክፍሉ በተማሪ ተጨናንቋል፣ እርማቱ የመምህሩን ቅዳሜና እሁድ ይበላል፣ ደሞዙ ወር አያደርስም። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ በኋላማ ኑሮው የት እንደደረሰ ቤተሰብ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። እንዲህ ያለ መምህር ላይ ሌላ ኮርስ ጨምሮ «በርታ» ማለት ግፍ ነው።

እዚህ ዋሽንግተን ስቴት በ1990 እ.ኤ.አ. የተደነገገ ራኒንግ ስታርት የሚባል ፕሮግራም አለ። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ ካልኩለስ፣ ኬሚስትሪ፣ አካውንቲንግ ይማራል። ለትምህርቱ አይከፍልም፤ መጽሐፍና አንዳንድ ጥቃቅን ክፍያ ግን ከቤተሰብ ኪስ ይወጣል። ክሬዲቱ ለሃይስኩሉም ለኮሌጁም ይያዝለታል። አዲስ የመጣችሁ ወላጆች፣ እባካችሁ የልጃችሁን ካውንስለር (የትምህርት ቤቱን አማካሪ) ስለዚህ ጠይቁ። ማንም ቤታችሁ መጥቶ አይነግራችሁም። ሚኒሶታ ያላችሁም ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፒኤስኢኦ የሚባል ተመሳሳይ ነገር አላችሁ።

ልጄ ካልኩለስ የተማረችው በዚህ መንገድ ነው። ትምህርት ቤቷ ለጥቂት ልጆች ብሎ መምህር አልቀጠረም፤ አጠገቡ ካለው ኮሌጅ ተዋሰ።

ወሎ ላይ ይህ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ግቢ አለው። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ መቅደላ አምባም አለ። ማህበረሰብ አገልግሎት ደግሞ ከማስተማርና ከምርምር ጋር የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ወደ ግቢው ቤተ ሙከራ ቢሄዱ፣ እኛ የትራንስፖርቱንና የመምህራኑን አበል ብንሸፍን፣ ከአንድ ክፍል ሙሉ ኮምፒውተር የበለጠ ሥራ ይሠራል።

ሳይንሱም ቢሆን ሁልጊዜ ውድ ዕቃ አይፈልግም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ባቲ 1,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች ወደ 95 ይጠጋል። ሁለት ትምህርት ቤቶች ቴርሞሜትር ይዘው ውሃ አፍልተው ቁጥራቸውን ቢለዋወጡ፣ የአየር ግፊት ማለት ምን እንደሆነ ልጆቹ ዕድሜ ልካቸውን አይረሱትም። ቢዝነሱም እንደዚያው። የባቲ የሰኞ ገበያ እያለ የአቅርቦትና የፍላጎትን ግራፍ ከመጽሐፍ ብቻ ማጥናት ለምን? የፍየልና የሽንኩርት ዋጋ በየሳምንቱ ይመዝግቡ፣ ይሳሉት፣ ለምን እንደወጣና እንደወረደ ይከራከሩበት። የአንድ ሱቅ ገቢና ወጪ ይያዙ። ዕቁብን ራሱን በሒሳብ ይተንትኑት።

የባቲዋ (ፍራንክፈርት)፦

ጋሼ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥህ። ከዓመታት በፊት እኛም እዚህ አዋጥተን ለአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ልከን ነበር። መብራት ይጠፋል፣ የሚጠግን የለም፤ ግማሹ ከካርቶኑ አልወጣም። ዳይሬክተሩን ምን እንደሚፈልግ የጠየቀው ሰው አልነበረም። የገበያውን ነገር ሳነብ ደስ አለኝ። አጎቴ እዚያው ሒሳብ አስተማሪ ነው፣ ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ።

እህታችሁ ከጅዳ፦

ወንድሜ ሐይቅ 11ኛ ክፍል ነው። ቤታችን ገጠር ስለሆነ ከተማ ቤት ተከራይቶ ነው የሚማረው። ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጣ ወደ እናታችን ይሄዳል፣ እሁድ ማታ ይመለሳል። የቅዳሜ ትምህርት ካላችሁ እሱና እንደሱ ያሉት ቀሩ ማለት ነው። ተጠቃሚው የከተማው ልጅ ብቻ ይሆናል። እኔ ሰው ቤት እየሠራሁ የምልከው ይኸው ልጅ እንዲማርልኝ ነው።

የደሴው መምህር (ሲያትል)፦

እህቴ፣ ትልቅ ነገር ነው ያነሳሽው። እንግዲያው ቀኑን እኛ ከዚህ አንወስን። ፈረቃ ባለበት ትምህርት ቤት የጠዋቱ ተማሪ ከሰዓት ነፃ ነው፣ የከሰዓቱም ጠዋት። በሥራ ቀን ማድረግ ይቻላል። የግድ ቅዳሜ ከሆነ ደግሞ ካዋጣነው ላይ ለገጠር ልጆች የዚያን ሳምንት ቀለብ እንያዝ፤ ከአበሉ እኩል አስፈላጊ ወጪ ነው።

አሁን ሁላችንም የምናውቀውን አንድ አንድ መምህር እንደውልና ሦስት ነገር እንጠይቅ። የቱ የትምህርት ዓይነት መምህር አጥቷል? ቤተ ሙከራው ውስጥ አሁን የሚሠራ ምን ዕቃ አለ? ተማሪው በየትኛው ቀንና ሰዓት መምጣት ይችላል? ደሴን እኔ እይዛለሁ። ባቲ ተይዟል። ሐይቅን አንቺ በወንድምሽ በኩል ጠይቂልን። ለወልድያ፣ ለከሚሴ፣ ለመካነ ሰላምና ለወረኢሉ ሰው እንፈልጋለን፤ የምትችሉ እዚሁ ስር ጻፉ። መልሱ ሳይሰበሰብ ገንዘብ ማዋጣት አንጀምር።