12ኛ ክፍል ተጀመረ፤ የማጥናት ፍላጎት ከየት ይምጣ?

አደይ12፦
ሰላም ናችሁ? ዘንድሮ 12ኛ ነኝ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ። ትምህርት ከተጀመረ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው፤ እስካሁን የረባ ነገር አላጠናሁም። ፕሮግራም አወጣለሁ፣ በሦስተኛው ቀን ይፈርሳል። ቴሌግራም ላይ የሞቲቬሽን ቪዲዮ ሳይ ለግማሽ ሰዓት እሟሟቃለሁ፣ ከዚያ ያው ነኝ። ደግሞ በ2017 ከተፈተነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 8.4 በመቶ ብቻ ነው ሲባል ስሰማ ጭራሽ እጄ ይዝላል። የምንማረው በፈረቃ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሒሳብ መምህር፦
ከቁጥሩ እንጀምር። በ2014 3.3፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ነው። ትንሽ ነው፣ አልክድም። ግን የአገሩ ሁሉ ተፈታኝ ውጤት እንጂ ያንቺ ዕጣ አይደለም። አንቺን የሚመለከትሽ 300 ነው፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ አፕቲቲዩድ፣ እያንዳንዱ ከ100፣ ድምሩ 600። ፊዚክስ 40 ቢመጣ ባዮሎጂ 60 ያካክሰዋል።

ፍላጎት የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ በስንፍና አይደለም። ተማሪው የቱ ጋ እንደተሰናከለ ስለማያውቅ ነው። የ12ኛ ሒሳብ ምዕራፍ 2ን እዪው፣ ካልኩለስ ነው። ኤክስ ወደ 3 ሲጠጋ፣ «ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 9» ለ«ኤክስ ሲቀነስ 3» ሲካፈል ሊሚቱ ስንት ነው ይባላል። ተማሪው 3ን ቀጥታ ይተካል፣ ዜሮ ለዜሮ ይመጣበታል፣ «ካልኩለስ አይገባኝም» ብሎ ደብተሩን ይዘጋል። የጎደለው ካልኩለስ አይደለም፤ ፋክተር ማድረግ ነው፣ ያውም የታች ክፍል ትምህርት። ላይኛው «ኤክስ ሲቀነስ 3» ሲባዛ በ«ኤክስ ሲደመር 3» ነው፤ የመጀመሪያው ከታችኛው ጋር ይጣፋል፣ የቀረው ላይ 3ን ስትተኪ መልሱ 6። አንድ ከሰዓት ፋክተር ማድረግ ላይ ቢያጠፋ ኖሮ ምዕራፉን ባልፈራው ነበር።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሽምደዳ ይቅርና አንድ የቆየ የኢንትራንስ ሒሳብ ወረቀት በሰዓት ተቀምጠሽ ሥሪ። ከዚያ በሳትሽው እያንዳንዱ ጥያቄ ጎን አንድ ፊደል ጻፊ፦ «ያ» ያልተማርኩት፣ «ረ» የረሳሁት፣ «ች» የቸኮልኩበት። «ያ» የበዛው ከ12ኛ መጽሐፍ ከሆነ አትደንግጪ፣ ገና አልደረሳችሁበትም። መጀመሪያ «ረ»ን ያዢ፣ ቶሎ የሚመለሰው እሱ ነው። ውጤት ስታዪ ፍላጎቱ ራሱ ይከተላል።

የካምፓስ ልጅ፦
እህቴ፣ ፕሮግራሙ የሚፈርሰው «ማታ ከ1 እስከ 5 ሰዓት ጥናት» ተብሎ ስለሚወጣ ነው። ለመጀመሪያው ሳምንት 25 ደቂቃ ሁለት ጊዜ ብቻ፣ መሐል 5 ደቂቃ ዕረፍት። አንዱ በእስክሪብቶ የሚሠራ፣ ሌላው የሚነበብ ይሁን። ከዚያ በየሳምንቱ አንድ አንድ 25 ጨምሪ። ደግሞ «ፊዚክስ» ብለሽ አትጻፊ፤ «ፊዚክስ ምዕራፍ 2፣ ፕሮጀክታይል፣ 5 ጥያቄ» በዪ፣ ያውም ከመተኛትሽ በፊት። ቁጭ ስትዪ ምን ላጥና ብሎ ማሰብ ካለ ስልክ ይነሳል።

ስልኩን ሳይለንት ማድረግ አይበቃም፣ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ከቻናሎቹ አንዱን አስቀሪና ሌላውን ውጪ፤ የፒዲኤፍ ክምር ያጠናሽ ያስመስልሻል እንጂ ጥናት አይደለም። ሌሊት 10 ሰዓት መነሳት ከቻልሽ ደግሞ ቤቱ ጸጥ ያለ ነው፣ እንደሱ ያለ የመቸከያ ሰዓት የለም።

የሁለት ተማሪዎች እናት፦
በ10 ሰዓቱ አልስማማም። ማታ 5 ሰዓት የተኛች ልጅ 10 ሰዓት ብትነሳ የተኛችው 5 ሰዓት ብቻ ነው፤ ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች፣ ያመለጣትን ለማካካስ እንደገና ታመሻለች። 11 ሰዓት መነሳት ያማረው 3 ሰዓት ላይ ይተኛ።

ልጄ፣ ፈረቃ ከሆነ ሁለት ፕሮግራም አውጪ። የጠዋት ፈረቃ ሲሆን ምሳ በልተሽ ትንሽ አርፈሽ ከ9 ሰዓት፤ የከሰዓት ሲሆን ጠዋት ከ2 እስከ 4። በአንዱ ብቻ የወጣ ፕሮግራም ፈረቃው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። የቤት ሥራ ካለብሽ ለቤተሰብ «አጠናለሁ» አትበዪ፣ ማንም አያከብረውም። «ከ12 እስከ 1 ሰዓት አትጥሩኝ፣ ከዚያ ቡናውን እኔ አፈላለሁ» ብትዪ ግን ይያዝልሻል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቀን ያነበብሽውን ሳታዪ ለራስሽ ወይም ለታናሽሽ አስረጂ፤ የተንተባተብሽበት ቦታ ነገ የሚነበበው ነው።

አደይ12፦
እግዜር ይስጥልኝ። መምህር፣ ወረቀቱን ሠርቼ «ያ» የበዛው ከ9ኛና ከ10ኛ ከሆነስ? አራቱንም መጽሐፍ ከመጀመሪያው ልጀምር?

የሒሳብ መምህር፦
በፍጹም። ከ9ኛ ገጽ 1 የጀመረ ኅዳር ላይ ይሰለቻል፣ 12ኛውም ጥሎት ይሄዳል። ወደ ኋላ ተመለሽ እንጂ ከኋላ አትነሺ። የሳምንቱን ምዕራፍ ያዢና የሚፈልገውን ብቻ ፈልጊለት። ለካልኩለስ የ11ኛ ፋንክሽንና ራሽናል ኤክስፕሬሽን፣ የ10ኛ ፖሊኖሚያል። ለፊዚክስ ምዕራፍ 2 ቬክተር፣ ሳይንና ኮሳይን። ኬሚስትሪ ምዕራፍ 1 የአሲድና ቤዝ ኢኩሊብሪየም ስለሆነ የ11ኛውን ኢኩሊብሪየም፣ ሎጋሪዝምንም ጨምሪ፤ የሃይድሮጂን አዮን መጠን 0.001 ሲሆን ፒኤች 3 ለምን እንደሆነ ካልገባሽ ችግሩ ኬሚስትሪ ሳይሆን ሒሳብ ነው። ባዮሎጂ ያን ያህል የኋላ አይጠይቅም፣ ከክፍሉ ጋር ሂጂ። ለዚህ ወደ ኋላ መመለስ ቅዳሜ 2 ሰዓት ይበቃል። አፕቲቲዩድና እንግሊዝኛ ግን ለአንድ ምዕራፍ ብቻ የሚጠኑ ስላልሆኑ በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ ከአሁኑ።

የሳትሻቸውን ጥያቄዎች ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሱን ሸፍነሽ እንደገና ሥሪያቸው። አሁንም «ረ» የሚሆን ካለ ጥያቄውን ጽፈሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።