የበሩ ውስጥ ባዶ ለሆነ ባለ ሁለት በር ቁምሳጥን የቁልፍ ጥቆማ፣ ለድሬ ልጆች

ለቁምሳጥን ቁልፍ የምትፈልጉ የድሬ ልጆች፣ መጀመሪያ በሩን በጣታችሁ አንኳኩት። መሃሉን አንኳኩት፣ ከዚያ ጠርዙን። መሃሉ እንደ ከበሮ ከጮኸ ውስጡ ባዶ ነው። ያን ጊዜ ለደንዳና እንጨት የሚሰጠው ምክር ለእናንተ አይሆንም።

እንዲህ ዓይነቱ በር ዙሪያውን ቀጭን የእንጨት ፍሬም አለው። ከፊትና ከኋላ 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ኮምፖርሳቶ (ስስ የእንጨት ሉህ) ተለጥፎበታል። መሃሉ ወይ አየር ነው ወይ ካርቶን። ቀላል ስለሆነ ማጠፊያውን አይጎትትም፣ ዋጋውም ደህና ነው። ግን ቪቴ (ጠመዝማዛ ምስማር) አይዝም። ቀጭን ኮምፖርሳቶ ላይ ብቻ የታሰረ ቪቴ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ቀዳዳውን እያሰፋ ይሄዳል፣ አንድ ቀን ቁልፉ ከነቪቴው ተነቅሎ እጃችሁ ላይ ይመጣል።

ስለዚህ ታይዋን ገበያ ገብታችሁ የሚያብረቀርቅ ቁልፍ ከመምረጣችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። ቁልፉ የሚታሰርበት እንጨት የት ጋ ነው? ሁለተኛው በርስ በምን ይያዛል? እነዚህ ከተስተካከሉ መካከለኛ ዋጋ ያለው ቁልፍ በደንብ ይሠራል። ካልተስተካከሉ ውዱም ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው በር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ገጣሚ የሚዘለው እሱን ነው። ቁልፉ ብዙ ጊዜ የሚገጠመው ቀኝ በር ላይ ነው፣ ምላሱ (ሲቆለፍ የሚይዘው ብረት) ዞሮ የሚይዘው ደግሞ የግራውን በር። የግራው በር ራሱ ካልታሰረ ሁለቱን እጀታ አንድ ላይ ሳብ ስታደርጓቸው ተያይዘው ይከፈታሉ። ተቆልፏል ብላችሁ ትሄዳላችሁ፣ የ5 ዓመት ልጅ ይከፍተዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የግራው በር ላይ ከውስጥ በኩል፣ ከላይና ከታች ትናንሽ መቀርቀሪያ ይገጠምለት። የላይኛው ወደ ቁምሳጥኑ ጣሪያ፣ የታችኛው ወደ ቁምሳጥኑ ወለል ይገባል። መሃል ላይ የማይነቃነቅ መደርደሪያ ካለ ደግሞ ከመደርደሪያው ጋር የሚያያዝ መንጠቆ ይጨመርለት፣ በተለይ በሩ ረጅም ከሆነ፣ ረጅም ባዶ በር ከላይና ከታች ተይዞም መሃሉ ላይ ይጎብጣል። የቁልፉ ምላስ የሚነካበት ቦታ ላይም ቀጭን እንጨት በኮላ አስለጥፉ፣ አለበለዚያ ብረቱ ኮምፖርሳቶውን ቀስ በቀስ ይልጠዋል።

አሁን ወደ ቁልፎቹ። ሱቅ ገብታችሁ የመሳቢያ ቁልፍ ስትሉ የሚሰጧችሁ ክቡ ቁልፍ ለቤት ቁምሳጥን የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ነው። አንድ ክብ ቀዳዳ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ከኋላ በበዳዶ (ጥርሱ ላይ እየዞረ በሚያጠብቅ ብረት) ይጠብቃል፣ መክፈቻው ሲዞር ምላሱ ይዞራል። አንገቱ ብዙ ጊዜ 16 ወይም 19 ሚሊሜትር ስፋት አለው፣ ርዝመቱ ግን ይለያያል። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሸወደው። ለመሳቢያ የተሠራው አጭር ነው፣ ወፍራም በር ላይ በዳዶው የሚያስርበት ጥርስ አያገኝም። የበሩን ውፍረት በሚሊሜትር ለክታችሁ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሂዱ።

ከውስጥ በኩል በአራት ቪቴ የሚታሰረው የሳጥን ቁልፍም አለ። ምላሱ ወደ ጎን ስለሚወጣ ጠንካራ ነው፣ ግን አካሉ ሰፊ ነው፣ የባዶ በር ፍሬም ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ሁለቱ ቪቴዎች እንጨት ያገኛሉ፣ ሁለቱ አየር። ይህን ከወደዳችሁት ከውስጥ በኩል ሰፋ ያለ እንጨት በኮላ አስለጥፋችሁ እሱ ላይ አስሩት።

ጓጉንቸር የሚገባበት የብረት ማያያዣ ውበት የለውም፣ ግን በረኪና፣ ጋዝና የአይጥ መርዝ ለሚቀመጥበት የኩሽና ቁምሳጥን ወይም ለስቶር ከሁሉም እሱን እመርጣለሁ። አቦ፣ ልጅ ያለበት ቤት ውበት በኋላ ይታሰባል። ቪቴ አታስገቡለት። በሩን አሳልፎ ወጥቶ ከኋላ በሮንዴላ (ቀዳዳ ባለው ክብ ጠፍጣፋ ብረት) እና በበዳዶ የሚጠብቅ ቡሎን ይሁን፣ ከኋላም ቁራጭ እንጨት ወይም ላሜራ ይደረግበት፣ ያኔ ኮምፖርሳቶው አይሰነጠቅም።

በማጣበቂያ የሚለጠፉት የልጆች ፕላስቲክ ማሰሪያዎች ለሌባ አይሆኑም፣ ለሕፃን ብቻ ናቸው። የእኛ ሙቀትና አቧራ ደግሞ ማጣበቂያውን ያላቅቀዋል። ከለጠፋችሁ ቦታውን በአልኮል ጥረጉ፣ በየጊዜውም ሳብ አድርጋችሁ ሞክሩት። (ቁምሳጥኑ የመድኃኒት ከሆነ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አታድርጉት። ብዙ መድኃኒት ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላል፣ ድሬ ደግሞ ከዚያ የሚያልፍባት ወር ብዙ ነው።)

የት ይገዛ ለሚለው፣ ታይዋን ዓይነቱ ብዙ ነው፣ ዋጋም ይከራከሩበታል፣ ግን ልኩ እንቢ ቢል መመለስ ያስቸግራል። የሕንፃ መሣሪያ ሱቆች ትንሽ ይወደዱ ይሆናል እንጂ አንገቱን ለክተው ይሰጣሉ፣ በዳዶና ሮንዴላም እዚያው ታገኛላችሁ። ለባዶ በር እኔ እነሱን እመርጣለሁ። የትም ብትገዙ ሁለት ፈተና አድርጉ። አንደኛ፣ ከአጠገቡ ካለው ካርቶን ሌላ ቁልፍ አስወጡና በእሱ መክፈቻ የእናንተን ለመክፈት ሞክሩ። ርካሽ ቁልፎች ላይ አንዱ መክፈቻ ሌላውን የሚከፍትበት ጊዜ አለ። መክፈቻው ላይ የተጻፈውን ቁጥርም አመሳክሩ፣ ሁለት ቁምሳጥን ካላችሁ አንድ ዓይነት ቁጥር እንዳትወስዱ። ሁለተኛ፣ ከጀርባው የማይታይ ቦታ ላይ ጫር አድርጉት። ከሥሩ ቢጫ ከሆነ ነሐስ ነው፣ ውሰዱት። ቢጫው ተልጦ ነጭ ወይም ግራጫ ከወጣ ቀለም ነው፣ ዋጋውን በዚያ ልክ ተነጋገሩ።

ማን ይግጠመው? መንገድ ዳር ያሉ ቁልፍ ቀራጮች መክፈቻ ለማስቀረጽና የጠፋበትን ለመክፈት ጎበዞች ናቸው። ብየዳ ቤት ለላሜራ ቁምሳጥን ትክክለኛው ቦታ ነው። ባዶ የእንጨት በር ግን የአናጢ ሥራ ነው፣ ምክንያቱም ሥራው ቁልፉ ሳይሆን እንጨቱ ነው። አናጢውን ስታነጋግሩ አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ውስጡ ባዶ ነው፣ ምን ታደርግለታለህ?» በሩን አንኳኩቶ ጠርዙን ከፈለገ ወይም እንጨት እንጨምርበት ካለ ስጡት። «ፊሸር እንከትበታለን» (ቪቴ እንዲይዝ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ) ካለ ተዉት፣ የግድግዳ ፊሸር ባዶ ኮምፖርሳቶ ውስጥ የሚጨብጠው ነገር የለውም።

ራሳችሁ ልትገጥሙ ከሆነ፣ ቀጭን ፑንታ (የመብሻ ጫፍ) ይዛችሁ ከውስጥ በኩል ከጠርዙ ወደ መሃል ትንሽ ትንሽ እየበሳችሁ ፍሬሙ የት እንደሚያልቅ እወቁ። ፑንታው ድንገት ዘው ካለ እዚያ ጋ እንጨቱ አልቋል። የቁልፉ ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ ከዚያ በፊት መዋል አለበት። የሚበሳበት ቦታ ላይ ፕላስተር ለጥፉ፣ ከኋላ ቁራጭ እንጨት ደግፉ፣ ትራፓኖውን (መብሻ ማሽኑን) ሳትጫኑ ቀስ ብላችሁ ብሱ። ብዙዎቹ ክብ ቁልፎች አንገታቸው በሁለት ጎን ጠፍጣፋ ነው፣ ያ ቁልፉ ራሱ እንዳይሽከረከር ነው። ስለዚህ ቀዳዳውን ሙሉ ክብ አድርጋችሁ አታስፉት፣ ጎኑን በሞረድ ጨርሱት። እንጨት በኮላ ከለጠፋችሁ 24 ሰዓት ሳይነካ ይደር። በዳዶውን ስታጠብቁ ኮምፖርሳቶው ወደ ውስጥ መግባት ከጀመረ አቁሙ፣ ከሥሩ እንጨት የለም ማለት ነው።

ከተገጠመ በኋላ ዘይት አታድርጉበት፣ ዘይት አቧራችንን ይሰበስባል። መክፈቻው ላይ እርሳስ ፈቅፍቃችሁ አስገቡት፣ ይበቃዋል።

ተከራይ ከሆናችሁና አከራይ መብሳት ካልፈቀደ፣ በሁለቱ እጀታዎች ውስጥ ቀጭን ሰንሰለት አሳልፋችሁ በትንሽ ጓጉንቸር ዝጉት። ከዚያ በፊት ግን የእጀታዎቹ ቡሎን በሩን አሳልፎ ከውስጥ በኩል መያዙን እዩ። ፊት ለፊት ብቻ በቪቴ የተያዘ እጀታ ከነሰንሰለቱ ይነቀላል።