አስቸኳይ፦ የስኳር ማሽኔ 6.4 አለ! ስኳር በጥብጬ ልጠጣ?

የለገሃሩ (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤቶች። አሮጌው ማሽን 110፣ 118 ነበር የሚለው። እህቴ ከለንደን በላከችው አዲሱ አሁን ስለካ 6.4 አለ፤ ሌላ ጣቴን ወግቼ ደገምኩ፣ 6.9። ሐኪሙ ሜታቦሊክ ሲንድሮም ነው ካለኝ ወዲህ ስኳር ትቼ ሻይ በማር ነው የምጠጣው፤ እንጀራውም ንጹህ ጤፍ ነው። ወደቀብኝ እንዴ? ብርጭቆው እጄ ላይ ነው።

ፒያሳዋ፦
በእኛው መለኪያ 6.4 ብትሆን ኖሮ ይሄን የሚጽፍልን ጎረቤትህ ነበር 😀

ሲስተር፦
ወንድሜ፣ ከቁጥሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ እያት። እንግሊዞች በሚሊሞል ነው የሚለኩት፣ አንተ የለመድከው ሚሊግራም ነው። በ18 አባዛው፤ 6.4 ማለት 115 ነው። ወደቀ የሚባለው ከ3.9 (ከ70) በታች ሲሆን ነው። ያኔ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ትጠጣና ከ15 ደቂቃ በኋላ ትለካለህ። ላብና መንቀጥቀጥ ካለህ፣ መለካት ካልቻልክም፣ ጠጣ። 6.9 ያለው ጣትህ ላይ ማር ቢኖርስ? እጅህን በሳሙና ታጠብና አድርቀህ ለካ።

አራት ኪሎ፦
በባዶ ሆድ ከሆነ የለካኸው 115ም እኮ ደህና አይደለም፤ ያኔ ከ100 በታች ነው የሚፈለገው። ደግሞ ማር ስኳር አይደለም ያለህ ማነው? አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ጤፉም ንጹህ ስለሆነ ስታርቹ አይጠፋም። እንጀራውን ግማሽ አድርግ፣ ጎመኑንና ምስሩን አብዛ፣ ከእራት በኋላ 15 ደቂቃ ተራመድ። ወገብህን በልብስ ሰፊ ሜትር ለካው፤ ለወንድ ከ102 ሴንቲ ካለፈ ከአምስቱ የሜታቦሊክ ሲንድሮም ምልክቶች አንዱ እሱ ነው። ሌሎቹ ትራይግሊሰራይድ (የደም ስብ) ከ150 ጀምሮ፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ከ40 በታች፣ ግፊት ከ130/85 ጀምሮና ይሄው ስኳር ናቸው። ሦስቱ ከተገኙ ነው ስሙ የሚሰጠው።

ፒያሳዋ፦
ሌክቸሩ አልቆ ከሆነ ሰባ ደረጃን ሁለቴ ይውጣ።

ሜርካቶ፦
በ18 አባዛው።

ሲስተር፦
ተብሏል እኮ 🙂

ጉለሌ፦
ስትሪፑ (ደሙን የምታስነካው ቁራጭ) እዚህ መገኘቱን ፋርማሲ ጠይቅ፤ የአንዱ ማሽን ለሌላው አይሆንም፣ ካልተገኘ ማሽኑ ጌጥ ነው። የስትሪፑን ብልቃጥ ክፍት አትተው፣ እርጥበት ያበላሸዋል።

ሲስተር፦
ጠያቂው የት ገባህ? የምትወስደው መድኃኒት ምንድን ነው? ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳር የሚጥለው ከስንት አንዴ ነው። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን ከሆነ ግን ምግብ አትዝለል።

ፒያሳዋ፦
ጠጥቶታል መሰለኝ።