ለአካል ጉዳተኛ አንድ መስኮት ይበቃል ወይ?

አወያይ፦ ሰላም ጎረቤቶች። ጉዳዩ ይሄ ነው። የወረዳችን ጽሕፈት ቤት የድሮውን ግቢ ሊለቅ ነው። የታሰበው አስፋልቱ ዳር ያለው አዲስ ሕንፃ ነው፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቅ። የሊፍት ጉድጓድ አለው፣ ሊፍት ግን የለውም። (አዲስ አበባ ዳር ዳር ለምንኖር ሰዎች ይሄ ዜና አይደለም።) ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን ምድር ላይ አንድ መስኮት ይከፈታል፤ ሠራተኛ ወረቀቱን ተቀብሎ ፎቅ አስፈርሞ ያወርዳል ተብሏል። ይበቃል ወይስ አይበቃም? ተሳዳቢ ይወጣል።

የፋይናንስ ሰው፦ ይበቃል። ስሜቱን ትተን እናስላው። ምድር ቤት የሚከራየው ለሱቅና ለባንክ ነው፤ በካሬ ከፎቁ በጣም ይወደዳል። ቢሮው በሙሉ ምድር ይውረድ ማለት በጀቱን ኪራይ ይብላው ማለት ነው። ያለነው ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 41 ላይ የአካል ጉዳተኞችን ድጋፍ ከአገሪቱ የኢኮኖሚ አቅም ጋር ነው ያያያዘው።

እናት ከብሎክ 22፦ እኔ አካል ጉዳተኛ ተብዬ አልተመዘገብኩም፣ ጉልበቴ ግን ደረጃ እምቢ ካለ ቆይቷል። መስኮቱ ቢከፈት ደስታዬ ነው። የተገኘውን እንያዝ ልጆቼ።

ባለ ክራንቹ፦ እማማ፣ እርስዎ እንዲመችዎት እኔም እፈልጋለሁ። ግን ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ባለጉዳይ ብቻ ነው።

እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር። ቢሮዬ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ጠዋት አንዴ ከወጣሁ እስከ ማታ አልወርድም። ሽንት ቤቱ ቁጢጥ የሚባልበት ነው፤ በክራንች ቁጢጥ ማለት ምን እንደሆነ ለማስረዳት አልሞክርም። ስለዚህ ሥራ ቀን ውሃ አልጠጣም። የስብሰባ አዳራሹ አምስተኛ ፎቅ ነው። «አንተ አትቸገር፣ ቃለ ጉባኤውን እናመጣልሃለን» ይሉኛል። ክፋት የለባቸውም። ዕድገት ሲመጣ ግን አለቃ የሚያስታውሰው ስብሰባ ላይ ያየውን ፊት ነው።

መስኮቷ ወረቀት ታወርዳለች። ሠራተኛውን ማን ያወጣዋል? አዋጅ 568/2000 አሠሪ የሥራ ቦታውን ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ እንዲያመቻች ያዛል። ሊፍት የሌለው ሦስተኛ ፎቅ የሚከራይ ወረዳ ገና ማስታወቂያ ሳያወጣ ባለ ዊልቸሩን አልቀጥርም ብሏል።

የፋይናንስ ሰው፦ ወንድሜ፣ ያልከው ገብቶኛል። ግን ያው አዋጅ አሠሪው ላይ ከአቅም በላይ ጫና የሚፈጥር ከሆነ ብሎ ልክ አበጅቶለታል። ለአንድ ሠራተኛ ሊፍት?

ጡረተኛው መሐንዲስ፦ ለአንድ ሠራተኛ አትበል ልጄ። የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ አንቀጽ 36ን አንብበው። የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር የሚጠቀምም ሆነ ደረጃ የሚያስቸግረው ሰው የሚገባበት መንገድ ይኑረው ብሎ ነው የወጣው። ሽንት ቤቱንም ጨምሮ። ታዲያ ወረዳው ከኪሱ ሊፍት ይግዛ ያለ ማን ነው? ሕንፃውን ያቆመው ሰው ያሟላ። ተከራይ ጉልበት ያለው ከመፈረሙ በፊት ነው። ከፈረመ በኋላ አከራይ ስልክም አያነሳለትም።

ሕንፃውን ሄጄ አየሁት። መግቢያው አምስት ደረጃ ነው፣ እያንዳንዱ 15 ሴንቲ፤ በድምሩ 75። ለዊልቸር የሚመከረው ተዳፋት 1 ለ12 (ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት) ስለሆነ 9 ሜትር ራምፕ ይፈልጋል። የተሠራው 3 ሜትር አይሞላም። ያነጠፉበት ደግሞ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ! ሐምሌ ላይ ጤነኛውንም ያንሸራትታል። እግሩ ሥር ጀነሬተር ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ራምፕ የሚሠራው የመጠቀሚያ ፈቃድ ለማግኘት ነው።

የፋይናንስ ሰው፦ ጋሼ፣ ጀነሬተሩማ ይነሳል።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦ እሱ ሲነሳ ሞተር ሳይክል ይቆምበታል።

የምልክት ቋንቋ ተጠቃሚ፦ እኔ ደረጃውን እሮጠዋለሁ። መስማት ነው የማልችለው። ጥበቃው በር ላይ ቆሞ ስም ይጠራል፣ ስሜ ያልፋል። ከሰዓት «ጠርተንህ ነበር» ብሎ በወረቀት ይጽፍልኛል። መስኮቷ ለኔ ምኔ ናት? ተራ ቁጥር የሚታይበት ሰሌዳ ይለጠፍ፤ ስክሪን ባይኖር በእጅ የሚገለበጥ ካርቶን ይበቃኛል። አስተርጓሚ በየወረዳው መቅጠር ካልተቻለ ቀን ተቆርጦለት ይምጣ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ያስተምራል፤ ሰው ጠፋ አይባልም።

ዓይነ ስውሩ መምህር፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ወረቀቴን ሌላ ሰው ይዞት ፎቅ ሲወጣ ምን ላይ እንደተፈረመ በምን አውቃለሁ? የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 1728፣ የዓይነ ስውር ፊርማ እንደ ዳኛ ባለ ሥልጣን የተሰጠው ሰው ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። እኛን ከመታለል ሊጠብቅ የወጣ ሕግ ነው። በተግባር ግን በየቢሮው የምንሰማው «ሰው ይዘህ ና» የሚል ነው። ወረቀቴን አትሸከሙልኝ፣ አንብቡልኝ።

እናት ከብሎክ 22፦ ታዲያ የድሮው ግቢ ምን አለው? ሜዳ አይደል?

የባጃጅ ሹፌር፦ እማማ፣ ክረምት ላይ ያ ጭቃ ባጃጅ ይውጣል። አንዴ ዊልቸር ያለው ሰው አድርሼ በሩ ጋ ስንደርስ ተሸክመን ነው ያስገባነው። ሰውዬው አፍሮ ቀና ብሎ አላየንም። ሜዳ ስለሆነ ብቻ ይመቻል ማለት አይደለም።

ባለ ክራንቹ፦ እኔም ሁሉም ይውረድ አላልኩም። ሕዝብ የሚበዛው ወሳኝ ኩነትና መታወቂያ ነው። ሁለቱ ከነኃላፊያቸው፣ ከነማህተማቸው ምድር ይውረዱ፤ ተላላኪ አያስፈልግም። ፋይናንስና ፕላን ፎቅ ይሁኑ። ሊፍቱ የሚገባበት ቀን ውሉ ላይ ይጻፍ፤ ቀኑ ካለፈ ኪራይ ይቀነስ። ሽንት ቤት አንድ ብቻ እንኳ መቀመጫና መያዣ ብረት ይደረግለት፣ በሩም ዊልቸር ያስገባ።

የፋይናንስ ሰው፦ ማህተሙ ይውረድ በሚለው እስማማለሁ። ሽንት ቤቱም ይሁን፣ ያን ያህል ወጪ የለውም። ሁለት ክፍል ምድር ቤት ግን አሁንም ውድ ነው እላለሁ። ኪራይ ይቀነስ ካልነው ደግሞ አከራዩ ሌላ ተከራይ ይፈልጋል።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦ ፈላጊ ቢኖረው ኖሮ ይሄን ያህል ጊዜ ባዶውን አይቆምም ነበር።

አወያይ፦ እኔ ለባለ ክራንቹ ሐሳብ አደላለሁ፤ የኪራዩን ነገር ግን አልዘጋነውም። ውሉ ገና አልተፈረመም። ቅዳሜ 3 ሰዓት የነዋሪዎች ስብሰባ አለ፣ ሁለቱንም ሐሳብ ጽፌ አቀርባለሁ። ቦታው የትምህርት ቤቱ ሜዳ ነው፤ ፎቅ የለውም። የምልክት ቋንቋ የሚያስተረጉም የምታውቁ በውስጥ ጻፉልኝ። እስከ ሐሙስ።