ልብ ወለድ የምትጽፉ፣ ጊዜውንም ታሪኩንም ከየት ታመጡታላችሁ?

ማታ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቀን ቀን ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። ማታ ደክሞኝ ነው የምገባው፣ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ የሚዞር ልብ ወለድ አለ። ምዕራፍ አንድን ጀምሬ እተዋለሁ፣ ተመልሼ እጀምራለሁ። ጓደኞቼ «ደራሲ መሆን ከፈለግህ ሥራውን ልቀቅ» ይሉኛል። የቤት ኪራዩንስ ማን ይከፍላል? ደግሞ ኑሮዬ ከቢሮ ታክሲ፣ ከታክሲ ቤት ነው። ከዚህ ምን ታሪክ ይወጣል? የምትጽፉ ሰዎች እስቲ ውሏችሁን ንገሩኝ።

ሰናይ፦
ወንድሜ፣ ሥራህን እንዳትለቅ። በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛ ነበር፣ ኋላም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን። ልብ ወለዶቹን የጻፈው እየሠራ ነው። «ኦሮማይ»ን ብቻ ውሰድ። በ1974 ደርግ ኤርትራ ውስጥ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ ለሥራ አስመራ ሄደ፣ ያየውን ይዞ ተመለሰ፣ መጽሐፉ በ1975 ወጣ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጸጋዬ ራሱ ጋዜጠኛ ነው። መጽሐፉ ታገደ፣ እሱም ከሥራው ተነሳ፣ በ1976 የካቲት ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ግን ያ ሥራ ባይኖረው ኖሮ ዘመቻውን ከውስጥ ማን ያሳየን ነበር?

የአባይ ልጅ፦
በሰናይ ሐሳብ እስማማለሁ፣ ግን ታሪኩ የግድ ካሁኑ ሥራህ መምጣት የለበትም። ሐዲስ ዓለማየሁ ጎጃም ውስጥ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው ያደጉ ናቸው። ከዚያ ጦርነት መጣ፣ ጣሊያን አገር ታሰሩ፣ ከነጻነት በኋላ ደግሞ ረጅም ዘመን በዲፕሎማትነት ሠሩ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ነው። ዋናውን ገጸ ባሕርይ በዛብህን አስበው፣ የቆሎ ተማሪ ነው። ያ ሁሉ አገርና ሹመት አልፎ የተጻፈው የልጅነታቸው ጎጃም ነው። አንተም የእናትህን ሰፈር እንደገና አስብ።

እማማ ብዕር፦
እኔ የምጽፈው ልጆች ሳይነሱ ነው። ከነቁ በኋላ አንድ መስመር አይገኝም። ሐሳብ እስኪመጣልኝ አልጠብቅም፣ ቁጭ እላለሁ። ምልልሱን ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፣ አፌ ላይ ካንገራገረ እሰርዘዋለሁ።

ታክሲህን ደግሞ አትናቅ። ባለፈው ከጎኔ የተቀመጠ ጎልማሳ ስልክ ላይ «ሜክሲኮ ደርሻለሁ፣ መጣሁ መጣሁ» ይላል። ገና ሳሪስ ነን። ስልኩን ዘጋና የሸሚዙን ኮሌታ በምራቅ እርጥብ ባደረገው ጣቱ ማሸት ጀመረ፣ የወጥ ጠብታ ነበረበት። ለማን ነው የዋሸው? ማን እንዳያይበት ነው ጠብታውን የሚያሸው? ቤት ገብቼ ይህንኑ ጻፍኩ፣ አሁን የአንድ ምዕራፍ መነሻ ሆኗል።

ሒሳብ ክፍልማ ሀብት ነው! ሰው የደበቀውን ችግር ይዞ የሚመጣው እናንተ ጋ አይደል እንዴ? ቅድሚያ ደሞዝ የሚጠይቀው፣ ዕቁብ የደረሰበት፣ የፍርድ ቤት ተቆራጭ ያለበት...

ማታ ጸሐፊ፦
በጣም አመሰግናለሁ። አሁን ሳስበው አንድ ሾፌር አለን፣ የውሎ አበሉን ሲቀበል ብሩን ሁለት ቦታ ከፍሎ በተለያየ ኪስ ነው የሚከተው። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። ከሱ ልጀምር መሰለኝ። ግን ሰውየው ራሱን ካወቀስ?

እማማ ብዕር፦
ሥራውን፣ ዕድሜውን፣ ሰፈሩን ለውጥ። ሁለቱን ኪስ ብቻ ተውለት። ምክንያቱን ደግሞ አትጠይቀው፣ አንተ ፍጠርለት። የሥራ ባልደረባህን ምስጢር መጽሐፍ ላይ ማውጣት ነውር ነው፣ በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

ሰናይ፦
የበዓሉ «ደራሲው» ልብ ወለድ ላይ ያለው ሲራክ የሚባለው ገጸ ባሕርይ፣ ደራሲ ስብሐት ገብረእግዚአብሔር ነው ሲባል ኖሯል። እነሱ ግን ወዳጆች ነበሩ። አንተ እማማ ብዕር እንዳለችህ አድርግ፣ ምዕራፍ አንድ ሲያልቅ እዚሁ ለጥፍልን፣ እናነበዋለን።