ከባቡር አደጋ ማግሥት፦ ዝም እንበል ወይስ እንናገር?

ጠያቂ፦ የአዌቱ ልጅ (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ተወልጄ ያደግሁ፣ ባቡር በማይደርስበት ከተማ ተቀምጬ ባቡር የምወድ ሰው ነኝ። ከሰበታ ወደ ጅማ ይዘረጋል የተባለው መስመር በካርታ ላይ ብቻ ስላለ፣ እኔና መሰሎቼ ፍቅራችንን የምንወጣው በቴሌግራም ስለ ሎኮሞቲቭ፣ ስለ ሲግናልና ስለ ሐዲድ በመጨዋወት ነው። በቅርቡ ግን ያሳፈረኝ ነገር ስለገጠመኝ ምክራችሁን ፈለግሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተገለበጡ ፉርጎዎችን የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ፣ «አሁን የደረሰ፣ በአገራችን» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት መጣ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ «ነጂው እንቅልፍ ወስዶት ነው» አለ፤ ሌላው «የሐዲዱ ብሎን ተሰርቆ ነው» አለ። እኔም ከማንም ላለማነስ የአየር ፍሬን እንዴት እንደሚሠራ በሦስት አንቀጽ ካብራራሁ በኋላ፣ አደጋው የደረሰው በፍሬን ብልሽት መሆኑን ያለ ምንም ጥርጣሬ ጽፌ ደመደምኩ። የባለሙያ ቃል ስለበዛበት ይመስለኛል፣ ከሁሉም በላይ ከሰው ወደ ሰው የተላለፈው የእኔው ጽሑፍ ሆነ።

ማታ ጎረቤታችን ቡና ጠርተውን ሄድን። ልጃቸው በባቡር ጥገና ሥራ ላይ ነው። ገና ከመቀመጤ ስልካቸውን ዘረጉልኝና «እስቲ ይህን አንብበህ አስረዳኝ፤ ልጄ ስልክ አያነሳም» አሉኝ። የያዙት የእኔን ጽሑፍ ነበር፤ ስሜ ስለሌለበት የማን እንደሆነ አላወቁም። ጀበናው ገንፍሎ ከሰሉን እያጠፋ ማንም እጁን አልዘረጋም። ልጁ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደወለ፤ ሥራ ላይ ስለነበር ስልኩ ተዘግቶ ነበር። ቪዲዮው ደግሞ የሌላ አገር፣ ያውም የቆየ ሆኖ ተገኘ።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው፦ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ ከሐዲዱ በላይ 25 ሺህ ቮልት የሚያስተላልፍ ሽቦ ተዘርግቶለታል። በቪዲዮው ላይ ግን አንድም ሽቦ፣ አንድም ምሰሶ አይታይም ነበር። ይህን ከማንም ቀድሞ ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እንግዲህ የምጠይቃችሁ፣ ምርመራ እስኪጠናቀቅ ድረስ ስለ አደጋ መንስኤ ጨርሶ አለመነጋገር ይሻላል ወይስ ሰው ሊገምት የሚችልበት ልክ አለ?

መልስ፦ የድሬዳዋ ጡረተኛ

ልጄ፣ ጥፋትህን ራስህ መናገርህ ደግ ነው። እኔ ዕድሜዬን በድሮው ምድር ባቡር ጋራዥ ያሳለፍኩ፣ ዛሬ ጅማ ከሴት ልጄ ቤት የምጦር ሰው ነኝ። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ የመንገደኞች ባቡር ኩርባ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ሲገባ 428 ሰዎች ሞቱ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። በዚያ ዘመን ቴሌግራም አልነበረም፤ ወሬው ግን ከዛሬው ያላነሰ ፈጣን ነበር።

እኛ ጋራዡ ውስጥ ያለነው ሰዎች ምን እንዳልን አስታውሳለሁ። ፍሬን የሚጠግነው «ፍሬን ነው» አለ። ሐዲድ የሚያጠብቀው «ሐዲድ ነው» አለ። ዘበኛው ደግሞ «ፈንጂ ነው» አለ። በኋላ እንደተነገረው ባቡሩ ኩርባውን የገባው ፍጥነቱን ሳይቀንስ ነበር። ሁላችንም ሥራውን በእጃችን የምናውቅ ሰዎች ነበርን፤ ግን እያንዳንዳችን ያየነው የለመድነውን ብልሽት ብቻ ነው። አንተም ስለ ፍሬን ከማንበብህ የተነሣ ፍሬን ታየህ እንጂ ቪዲዮው ስለ ፍሬን የነገረህ ነገር የለም።

መልስ፦ መምህር ከቆጪ

የጋሼን ቃል በቁጥር ላግዝ። ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼን ስለ ክብ እንቅስቃሴ ሳስተምር ሁልጊዜ የማነሣው የጃፓኑን የአማጋሳኪ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 2005 አንድ የከተማ ባቡር በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ወደተፈቀደበት ኩርባ በ116 ኪሎ ሜትር ገብቶ ከአንድ የመኖሪያ ሕንፃ ጋር ተላተመና ነጂውን ጨምሮ 107 ሰዎች ሞቱ። ባቡሩን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። 116ን ለ70 አካፍሎ ውጤቱን በራሱ ማባዛት 2.7 ገደማ ይሰጣል፤ ይህም ማለት ኩርባው ከተፈቀደው ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ግፊት መቋቋም ነበረበት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በስፔን ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ አቅራቢያ፣ 80 በተፈቀደበት ኩርባ በ179 የገባው ባቡር በዚሁ ስሌት አምስት እጥፍ ደርሶ ነበር።

ወደ ወሬው ስመለስ፣ በአማጋሳኪ የመጀመሪያውን ግምት የነዙት የባቡር ወዳጆች አልነበሩም። በአደጋው ዕለት በሐዲዱ ላይ የደቀቀ ድንጋይ ምልክት መገኘቱ ተገለጸ፤ ስለዚህ «ሰው ሐዲዱ ላይ ድንጋይ አስቀምጦ ይሆናል» የሚለው ሐሳብ ከራሱ ከባቡር ድርጅቱ መግለጫ ወጣ። ምልክቱ በእርግጥ ነበረ፤ የተሰጠው ትርጉም ግን ስሕተት ነበር። ግማሽ እውነት ያለበት ግምት ከተራ ውሸት የሚከፋው ለዚህ ይመስለኛል፤ ተራ ውሸት ሲነካ ይፈርሳል፣ ይህ ግን የሚጨበጥ ማስረጃ ይዞ ስለሚመጣ አዋቂውንም ያሳስታል።

ከዚያም ጣት ሁሉ ወደ ነጂው ዞረ። ፍጥነቱን ያላገደው እርሱ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ምርመራው ሁለት ዓመት ያህል ወስዶ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲታተም ሌላም ነገር አሳየ። ነጂው ቀደም ብሎ አንድ ጣቢያ ላይ መቆሚያውን አልፎ ስለነበር ከአንድ ደቂቃ በላይ ዘግይቷል፤ የሚሳሳት ነጂ ደግሞ ሥልጠና ተብሎ ወደሚጠራ፣ በተግባር ግን ቅጣት ወደሆነ ነገር ይላክ ነበር። የባቡሩ ረዳት ስለዚያው ስሕተት ለመቆጣጠሪያ ማዕከሉ በሬዲዮ ሲያስረዳ ነጂው ጆሮውን ወደዚያ ጥሎ ፍሬን መያዝ ሳይዘገይ እንዳልቀረ መርማሪዎቹ ጽፈዋል። በኩርባው ላይም ከልክ ያለፈን ፍጥነት በራሱ የሚያግድ መሣሪያ አልተተከለም ነበር። ይህን ሁሉ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከቪዲዮ ሊያነብ የሚችል አዋቂ የለም።

ስለዚህ እኔ የማደርገው ቀላል ነው። አደጋ በደረሰ ቀን ስለ ስፍራው እናገራለሁ፤ ኩርባ ነው፣ ቁልቁለት ነው፣ የፍጥነት ወሰኑ ይህን ያህል ነው እላለሁ። «ምክንያቱ ይህ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ግን አልጽፍም። ስለ ነጂም አልጽፍም፤ እርሱም እናት አለው።

መልስ፦ ሙግት ወዳድ

መምህር፣ ያልከውን አከብራለሁ፤ ግን ጨዋነታችን በዝቶ ለባለሥልጣን ምቹ ዝምታ እንዳይሆን እፈራለሁ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 2011 በቻይና ዌንዡ አቅራቢያ ሁለት ፈጣን ባቡሮች ተጋጭተው 40 ሰዎች ሲሞቱ በመጀመሪያ የተነገረው መብረቅ መምታቱ ነበር። የተሰባበረ ፉርጎ እዚያው ቦታ ጉድጓድ ተቆፍሮለት ሲቀበር ሰዎች ፎቶ አንሥተው «ለምን ትቀብሩታላችሁ?» ብለው ጮኹ፤ ፉርጎውም እንደገና ተቆፍሮ ወጣ። በዲሴምበር የወጣው የመንግሥት ሪፖርት መብረቁን ባይክድም የሲግናል መሣሪያው ከንድፉ ጀምሮ ከባድ ጉድለት እንደነበረበትና አስተዳደሩም እንደተዝረከረከ አመነ። እነዚያ ሰዎች ሁሉ «ወሬ አትንዙ» ተብለው እሺ ብለው ቢሆንስ?

መልስ፦ ሐ. ከሄርማታ

ወንድም ሙግት ወዳድ፣ «ለምን ትቀብሩታላችሁ?» ጥያቄ ነው፤ ማንንም ገዳይ አላለም። የሚያስፈራኝ ሌላው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 2023 በሕንድ ኦዲሻ፣ ባላሶር ውስጥ ባቡሮች ተጋጭተው ከ290 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ በሐዲዱ አጠገብ አንድ ነጭ ሕንፃ የሚታይበት ፎቶ ተሰራጨ፤ «መስጊድ ነው፣ ቀኑም ዓርብ ነው» ተባለ። ሕንፃው የሂንዱ ቤተ መቅደስ ነበር። የግዛቱ ፖሊስ በሃይማኖት ስም ወሬ የሚነዙትን ለማስጠንቀቅ ተገደደ። የደኅንነት ምርመራው ያገኘው ጥፋት ደግሞ በሲግናል ሽቦ አያያዝ ላይ የነበረ ነው፤ ፈጣኑ ባቡር ዕቃ ጫኝ ባቡር ወደቆመበት የጎን መስመር እንዲገባ ያደረገው እርሱ ነው። እኛ ጅማ ውስጥ አዛኑንና ቅዳሴውን ከአንድ ግቢ ሆነን እየሰማን ስለምንኖር፣ እንዲህ ያለ ፎቶ በአንድ ምሽት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማንም ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የጠያቂው መመለሻ፦ የአዌቱ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ ጋሼን። «የለመድነውን ብልሽት» ያሉት ቃል ከራሴ አልወጣ ብሎኛል። ሙግት ወዳድም እውነት አለው፤ ስለዚህ በስብስባችን መጠየቅን አልከለከልንም። ከአደጋ በኋላ «ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው ግን ቪዲዮው የት፣ መቼ እንደተቀረጸ አብሮ እንዲያስረዳ ተስማምተናል፤ ካልቻለ ያነሣዋል። ሁለቱ አባላት ተቆጥተው ወጥተዋል፤ ይሁን።

ለጎረቤታችን ጽሑፉ የእኔ እንደነበረ ነገርኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ «ታዲያ እንዴት ነበር ማወቅ የነበረብህ?» ብለው ጠየቁኝ። ልጃቸው የላከላቸውን የጣቢያ ፎቶ አስከፍቼ ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋውን ሽቦና ምሰሶዎቹን አሳየኋቸው። ትናንት ማታ ሌላ የተገለበጠ ባቡር ቪዲዮ በሰፈሩ ሲዞር ስልኬ ጮኸ፤ እርሳቸው ነበሩ። «አየሁት፤ ሽቦ የለውም» አሉና ዘጉት።