እናቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ጎንደር ሁለት ቀን፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ከባሕር ዳር ተነስተን ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ጎንደር እንገባለን፤ ሰኞ ጠዋት እንመለሳለን። አብረውኝ ያሉት የ72 ዓመት እናቴና የ6 እና የ9 ዓመት ልጆቼ ናቸው። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃ ይከብዳታል። የእሷ ምኞት ደብረ ብርሃን ሥላሴን መሳለም ነው። ልጆቹ ደግሞ "የንጉሡ ቤት" እያሉ እንቅልፍ ነስተውኛል። የፋሲል መዋኛ ከጥምቀት ውጭ ውሃ አለው? ጎርጎራስ በዚህ ጊዜ ይደረሳል?

መልስ፣ ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ፦
መንገዱን ያቅናላችሁ እህቴ። ልጆቹ "የንጉሡ ቤት" የሚሉትን የፋሲል ግንብ ቅዳሜ አታስቢው፤ ከመንገድ የመጣ ልጅ ድንጋይ አያይልሽም። ቅዳሜን ለመዋኛው ስጪው። ከፒያሳ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ባጃጅ ያደርሳችኋል። ገንዳው ዓመቱን ሙሉ ሞልቶ አይቆይም፤ ለጥምቀት ነው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ተስቦ የሚሞላው። ልጆቹ ዋና ጠብቀው እንዳያዝኑ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ቦታውን ግን እንዳትተዪው። ግቢው ሜዳ ነው፤ ለእናትሽ ጉልበት ይመቻል፤ ጥላም አለው። የዛፎቹ ሥር የድንጋዩን አጥር ጨብጦ ወደ ታች ሲወርድ ያያሉ። የእኔ ልጆች ዛሬም የሚያወሩት ስለዚያ ሥር ነው።

መልስ፣ አስጎብኚ፦
እሑድ ማለዳ ሥላሴ ሂዱ። እናትሽ ያስቀድሱ፤ ሥዕሉን ከቅዳሴ በኋላ ተረጋግታችሁ እዩ። ቤተ ክርስቲያኑን የተከሉት አድያም ሰገድ ኢያሱ ናቸው። በ1888 እ.ኤ.አ. ድርቡሽ፣ የሱዳን ጦር፣ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል ይህ ተረፈ፤ አባቶች ንብ ወጥቶ መለሰው ይላሉ። ጣሪያው በሙሉ ዓይናቸው የፈጠጠ የመላእክት ፊት ነው። ልጆቹን ቁጠሩ በያቸው፤ አንገታቸውን አቅንተው ጸጥ ይሉልሻል። ውስጥ ብልጭታ ያለው ፎቶ አታንሱ፤ ቀለሙን ይጎዳዋል።

ከሰዓት ፋሲል ግቢ። አጼ ፋሲል ከተማዋን የቆረቆሯት በ1636 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከእሳቸው በኋላ የነገሡት እየጨመሩበት ነው እንዲህ የሰፋው። ግቢው 7 ሄክታር ያህል ነው፤ ሁሉን ልዙር ካልሽ እናትሽ ይደክማሉ። የፋሲልን ግንብ፣ የኢያሱን ቤተ መንግሥትና የአንበሶቹን ቤት ምረጪ። አንበሶቹ ዛሬ የሉም፤ ግን ልጆቹ ቤታቸውን ሲያዩ ንጉሡን ያምናሉ። በሩ ላይ አስጎብኚ ስትይዢ ዋጋውን አስቀድመሽ ተስማሚ፤ ከልጆች ጋር መሆንሽንም ንገሪው፤ ተረቱን ያበዛል።

መልስ፣ ባለፈው ዓመት አባቴን ይዤ የሄድኩ፦
አንድ ነገር ልጨምር። የግቢው መሬት ሣር ቢሆንም ድንጋይ አለበት፤ ምርኩዝ ያዙ። እኔ አባቴን ፎቅ ላይ ካላወጣሁ ብዬ ግማሽ ደረጃ ላይ ቆምን፤ መውረዱ ከመውጣቱ ባሰ። እናትሽ ከታች ቁጭ ብለው ይጠብቁ። ወይም አጠገቡ ግምጃ ቤት ማርያምን ይሳለሙ፤ ከዚያም ጃን ተከል ዋርካ ሥር ይረፉ። ቲኬቱንም አትጣዪው፤ እኛ ስንሄድ ያው ቲኬት መዋኛውንም ያስገባ ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ መዋኛውን የምታስቀድሙ ከሆነ መጀመሪያ ግንቡ በር ላይ ጠይቂ።

መልስ፣ የአዘዞ ልጅ፦
ጎርጎራ ጣና ዳር ነው፤ ከጎንደር ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደብረ ሲና ማርያም ውብ ናት፤ ግን ደርሶ መልስ አንድ ቀን ይበላችኋል። ለሌላ ጊዜ አቆዪው። ትርፍ ሰዓት ካገኛችሁ ቁስቋም ይሻላል፤ የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ፍራሽ ያለበት ነው፤ ጸጥ ያለ ነው። ዳገት ስለሆነ ባጃጁ እስከ በሩ ያድርሳችሁ።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጎርጎራን ተውኩት። ቅዳሴው ላይ ግን ልጆቹን ማን ይይዝልኛል? ትንሹ አንድ ቦታ አይቆምም።

መልስ፣ ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ፦
የሥላሴ ቅጥር ግቢ ሰፊ ነው፤ ዙሪያው ግንብ ስለሆነ ልጅ አይጠፋም። እናትሽ ውስጥ ይቁሙ፤ አንቺ ዛፍ ሥር ከልጆቹ ጋር ሁኚ፤ ዜማው እዚያ ድረስ ይሰማሻል። ነጠላ ለሁለታችሁ፣ ለልጆቹ ሹራብ ያዢ። ጠዋትና ማታ ይበርዳል።